ኩላሊቱ የደከመን ሰው ማስታመም

ሆስፒታል በር ላይ ፍራፍሬ የሚሸጡ ሴቶች አይጠፉም። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶ። ታማሚ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ከእነሱ አንድ ፌስታል ሳይገዛ አይገባም፤ ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው። እኔ ነርስ ነኝ፣ የምሠራውም ኩላሊት እጥበት፣ ማለትም ደም በማሽን የሚጣራበት ክፍል ነው። ያ ፌስታል በበሩ ሲገባ ባየሁ ቁጥር ድንግጥ እላለሁ። ሰውየው የመጣው በፍቅር ነው። ግን ኩላሊቱ ሥራ ላቆመ ሰው ሦስት ሙዝና አንድ ትልቅ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ፣ በተለይ ከታጠበ ሁለት ሦስት ቀን ካለፈው፣ ልብ እስከማቆም ሊያደርስ ይችላል።

ሙዝ ሰው ይገድላል ስል ይስቁብኛል። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር።

ኩላሊቶቻችን እያንዳንዳቸው የጭብጣችንን ያህል ናቸው። ሁለቱ ተጋግዘው በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ ከዚያ ሁሉ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ተኩል ሊትር ገደማ ነው፣ ሌላው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ብዙ ሰው "ቆሻሻ ያጣራል" ብሎ እዚያ ላይ ያቆማል። ሥራቸው ግን ከዚያ በላይ ነው። ውሃ ሲበዛ ያስወጣሉ፣ ሲያንስ ይቆጥባሉ። ጨውንና ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድን ልክ ያስይዛሉ። የደም ግፊትን ይቆጣጠራሉ። መቅኔው ደም እንዲሠራ የሚያዘው ሆርሞን ከእነሱ ነው የሚላከው። ቫይታሚን ዲም አጥንትን የሚጠቅመው እነሱ ካስተካከሉት በኋላ ነው። ይሄን ሁሉ ቀንም ሌሊትም ይሠራሉ፣ እኛ ሳናውቀው።

ሲደክሙ ሥራው አይቀርም። ሰው ይረከበዋል። ማስታመም የምለው ይሄንን ነው፤ ኩላሊት ብቻውን ይሠራው የነበረውን ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ ማሽኑ፣ ሚስትየዋ፣ ልጁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ታማሚው ራሱ ተከፋፍለው ሲሠሩት። ውሃውን የሚመዝን ሰው ያስፈልጋል። ጨውንም ፖታሲየሙንም እንደዚያው። "አትብላ፣ አትጠጣ" ብቻ ተብሎ ወደ ቤት የተሸኘ ቤተሰብ ሳምንት ሳይሞላው ይረሳዋል፣ ወይም ይሰለቸዋል። የቱን የኩላሊት ሥራ እንደተረከበ የገባው ግን በቀላሉ አይስትም።

አንድ ነገር ደግሞ እናጥራ። እኛ አገር "ኩላሊቴን አመመኝ" የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያመው ወገቡን ነው። ከባድ ዕቃ አንስቶ ይሆናል፣ "ብርድ መትቶት" ይሆናል፣ ወይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ወይ ጠጠር። ሥር የሰደደ የኩላሊት ድካም ግን ብዙ ጊዜ አያምም። ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚመጣው። የሚያበሳጨኝ ደግሞ ቀጥሎ የሚሆነው ነው። "ኩላሊቴን" ያለው ሰው ፋርማሲ ይሄድና ዲክሎፌናክ ወይ ኢቡፕሮፌን ይገዛል፣ ሲሻለው ያቆማል፣ ሲመለስበት እንደገና ይገዛል፣ እንዲህ እያለ ወራት ይቆጠራሉ። እነዚህ መድኃኒቶች ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ኩላሊት ይጎዳሉ። ወገቡን ሊያስታግስ ብሎ ያልነበረበትን የኩላሊት ሕመም ይጠራል ማለት ነው።

ዋናዎቹ መንስኤዎች ስኳርና ደም ግፊት ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ያለበት ሰው ቢያንስ በዓመት አንዴ ክሬቲኒን የሚባለውን የደም ምርመራና ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩን መታየት አለበት። ከክሬቲኒኑ ተነሥቶ የኩላሊቱ የማጣራት አቅም ይሰላል። ቁጥሩ ከ60 በታች ሆኖ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ይባላል (ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲቀጥልም እንዲሁ)። ደረጃው አምስት ነው። አምስተኛው ከ15 በታች ነው፤ እጥበትና ንቅለ ተከላ የሚነሡት እዚያ አካባቢ ነው። ፊት ጠዋት ጠዋት ማበጥ፣ እግር በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ መቅረት፣ አረፋ የሚሠራ ሽንት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማሳከክ፤ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፣ ግን ብዙዎቹ ዘግይተው ነው የሚታዩት።

አሁን ወደ ክንድ ልምጣ፤ ማንም ቀድሞ የማይነግራችሁ ጉዳይ ነውና።

ኩላሊቱ እየደከመ ያለ ሰው አንድ ቀን እጥበት ሊያስፈልገው ይችላል። ለእጥበት ብዙ ደም በፍጥነት የሚወጣበትና የሚገባበት መንገድ ይፈለጋል። ምርጡ መንገድ ፊስቱላ ነው፤ ክንድ ላይ ያለን ደም ወሳጅና ደም መላሽ ቧንቧ በቀዶ ሕክምና ያገናኙታል፣ መላሹ ቀስ በቀስ ይወፍራል፣ ይጠነክራል። ለዚህ ግን ጤነኛ ቧንቧ መኖር አለበት። ታማሚው ከዚያ በፊት በየክሊኒኩ ግሉኮስ ሲሰካለት፣ ደም ሲቀዳ፣ ሁሉም እዚያው ክንዱ ላይ ሲወጋው ከርሞ ከሆነ ቧንቧው ደርቆ ይገኛል። ስለዚህ ገና ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ላይ እያላችሁ የማትጽፉበትን ክንድ ጠብቁ። መርፌ ካስፈለገ "እባክሽ ሲስተር፣ የእጄ ጀርባ ላይ አድርጊልኝ" በሉ። ነርሷ ብትገላምጣችሁም በሉ።

ፊስቱላው ተሠርቶ እስኪበስል ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ይፈጃል። በዚያ ክንድ ከእንግዲህ የደም ግፊት አይለካም፣ ደም አይቀዳም፣ ጠባብ ሰዓት አይታሰርበትም፣ አይተኙበትም፣ ከባድ ዕቃ አይሸከምም። እና በየቀኑ ጠዋት ሌላኛውን እጅ ጣል አድርጎ ማዳመጥ ነው። ዝዝዝ የሚል ነገር አለው፣ ስልክ ቫይብሬት ላይ ሆኖ ኪስ ውስጥ እንደሚነዝረው። አንድ አባት ነበሩ፣ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ ክንዳቸውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው ያዳምጡታል፤ "ዛሬም አለ፣ ተመስገን" ይላሉ። አንድ ጠዋት ዝም ብሏቸው ቁርስ ሳይበሉ መጡ። ያ ነው ትክክሉ። ንዝረቱ ከጠፋ ነገ አይባልም፣ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ያኔውኑ መሄድ ነው።

ፊስቱላ ሳይዘጋጅ በድንገት እጥበት የጀመረ ሰው ግን አንገቱ ላይ ካቴተር የሚባል ቱቦ ይገባለታል። እኛ ጋ አብዛኛው ሰው እንዲህ ነው የሚጀምረው፣ ዘግይቶ ስለሚመጣ። ካቴተር ቀጥታ ወደ ትልቅ የደም ቧንቧ የሚያስገባ በር ነው፤ ለእኛ በር የሆነ ለጀርምም በር ነው። ስናገናኝና ስናላቅቅ እኛም ታማሚውም ማስክ የምናደርገው ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ ውሃ አይንካው፣ ፋሻውን ማንም አይፍታው። ትኩሳት ወይ ብርድ ብርድ ማለትና መንቀጥቀጥ ከመጣ፣ "ወባ ይሆናል፣ ጉንፋን ይሆናል" እያሉ ማደር የለም።

ማሽኑ ራሱ ምን ያደርጋል? ደሙ በአንድ ቱቦ ይወጣል፣ በጣም ቀጫጭን ክሮች በታጨቁበት ማጣሪያ ውስጥ ያልፋል፣ በክሮቹ ውጭ ደግሞ የተጣራ ውሃና ጨዋማ ቅመም ያለበት ፈሳሽ ይፈስሳል፣ ቆሻሻውና ትርፉ ፖታሲየም ወደዚያ ይሻገራል፣ ደሙ ይመለሳል። ፈሳሹ ብዙ ጊዜ በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር ነው። በአራት ሰዓት 120 ሊትር ውሃ በአንድ ሰው ደም አጠገብ ያልፋል ማለት ነው። የእጥበት ክፍል ጀርባ ያ ሁሉ የውሃ ማጣሪያ በርሜል የተደረደረው ለምን እንደሆነ አሁን ይገባችኋል።

የተለመደው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ነው። እኛ አገር ከወጪው የተነሣ ሁለቴ የሚታጠብ ብዙ ነው፣ አንዴ የሚታጠብም አይቻለሁ። ሒሳቡን ሥሩት። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ሦስቴ የሚታጠብ ሰው እኛ ጋ የሚቆየው 12 ሰዓት፣ ሁለቴ የሚታጠበው 8 ሰዓት ብቻ። የቀረውን ኩላሊት ሆኖ የሚውልና የሚያድረው ቤቱ ነው።

እኛ ጋ ሲመጣ መጀመሪያ ሚዛን ላይ ይወጣል። ሚዛኑ ለውፍረት አይደለም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ሽንቱ የቆመ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ኪሎ ከጨመረ፣ ሦስት ሊትር ውሃ ይዟል ማለት ነው፣ ሥጋ አይደለም። ትርፍ ውሃ ሳይኖረው የሚመዝነውን ደረቅ ክብደት እንለዋለን። ሰው ጠዋት የመጣ ጊዜ ፊቱን አይቼ፣ ካልሲው እግሩ ላይ የተወውን መስመር አይቼ፣ "ማታ ስንት ትራስ ተደግፈህ አደርክ?" ብዬ ጠይቄ ነው ሚዛኑን የማምነው። ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጠረው ሰው ውሃው ሳንባው ደርሷል።

ያን ሦስት ሊትር በአራት ሰዓት ማውጣት ለሰውነት ቀላል አይደለም። ኩላሊት ይሄን በሁለት ቀን ዘና ብሎ ነበር የሚሠራው። ለዚህ ነው ማሽኑ ላይ ሳሉ ግፊት ዝቅ የሚለው፣ እግር የሚኮማተረው። ቢያንስ በየሠላሳ ደቂቃው ግፊት እንለካለን፣ ግን ከመሣሪያው በፊት ፊት ይናገራል። የሚያዛጋ ሰው አለ፣ ወሬ ሲያወራ ቆይቶ ድንገት ዝም የሚል አለ፣ ግንባሩን ላብ ችፍ የሚልበት አለ። ያኔ ሮጥ ብሎ ራሱን ዝቅ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ የሚወጣውን ውሃ መቀነስ፣ ካስፈለገ ትንሽ ሳላይን (ጨዋማ ፈሳሽ) መስጠት ነው። ጠያቂዎች አጠገቡ ቆማችሁ ካያችሁት ሳትጠብቁ ጥሩን።

ውሃ ላይ ትልቁ ችግር ምክር ነው። "ውሃ በደንብ ጠጣ፣ ኩላሊትህን ይጠብልሃል።" ይሄ ለጠጠር ትክክል ነው። ሽንቱ ለቆመ ሰው ግን መርዝ ነው። ብዙ ጊዜ የምንሰጠው ልክ እንዲህ ነው፤ ትናንት በቀንና በሌሊት የሸናኸው መጠን፣ ሲደመር ግማሽ ሊትር። ምንም የማይሸና ሰው ትንሽ ብቻ ነው የሚደርሰው። ሻይም፣ አጥሚትም፣ ሾርባም፣ ወተትም፣ ቡናም ከዚሁ ይቆጠራሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተደምረው አንድ ብርጭቆ ይጠጋሉ እኮ።

አንዲት ሚስት የምታደርገው ደስ ይለኛል። ጠዋት የቀኑን ድርሻ በአንድ የሃይላንድ ላስቲክ ትሞላለች። ባልየው ሻይ ሲጠጣ ያንኑ ያህል ከሃይላንዱ ትደፋለች። ሾርባ ሲበላም እንዲሁ። ማታ የቀረው የእሱ ነው። ክርክር የለ፣ ጭቅጭቅ የለ፣ ሁለቱም ላስቲኩን ያያሉ። ጥማቱ ሲበረታ አፍን ተጉመጥሙጦ መትፋት፣ ትንሽ በረዶ መምጠጥ ይረዳል።

ጥማቱን የሚያመጣው ደግሞ ጨው ነው። ጨው በልቶ ውሃ አትጠጣ ማለት ግፍ ነው። በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይበቃል፣ ግን ጨው ወጥ ላይ የምንነሰንሰው ብቻ አይደለም። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮው ውስጥ አለ፣ ሚጥሚጣው ውስጥ አለ፣ ዳቦው ውስጥም። የታማሚውን በርበሬ ለብቻው ያለ ጨው ማስፈጨት የሚችል ቤት ያድርገው። "ሶዲየም የቀነሰ" ተብሎ የሚሸጠውን ጨው ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ በሶዲየሙ ምትክ የተሞሉት በፖታሲየም ነው።

ፖታሲየም። ሙዙ ጋ ተመለስን። ጡንቻና ልብ የሚንቀሳቀሱት ደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም በጠባብ ልክ ሲጠበቅ ነው፤ ትርፉን የሚያስወጣው በዋናነት ኩላሊት ነው። ኩላሊት ከሌለ ይጠራቀማል፣ ሲጠራቀም የልብን ምት ያዛባል። ማስጠንቀቂያው ጉልበት መክዳትና የልብ ምት መዘበራረቅ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም ማስጠንቀቂያ የለውም። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶ፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ጎመን፣ ምስር፣ ሁሉም አላቸው። (ስፕሪስ ጁስ እጥበት ክፍል ይዞ የመጣ ወጣት አይቻለሁ። ለአባቱ ነበር። ምን ልበለው?) ድንችን ልጦ፣ ቀጭን ቆርጦ፣ በብዙ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ፖታሲየሙን በደንብ ይቀንሰዋል። ጎመንም እንዲሁ። የተደፋው ውሃ ለሾርባ አይሆንም።

ፕሮቲን ላይ ደግሞ ቤተሰብ ግራ ይጋባል፣ አይፈረድበትም። እጥበት ከመጀመሩ በፊት "ሥጋ ቀንስ" ይባላል፣ ከጀመረ በኋላ "ጨምር"። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቀድሞ የፕሮቲኑ ቆሻሻ የደከመውን ኩላሊት ያደክመዋል፤ በኋላ ግን እጥበቱ ራሱ ፕሮቲን እየነጠቀ ያከሳል። እንቁላል፣ በተለይ ነጩ፣ ርካሽም ጥሩም ነው።

የስኳር ታማሚዎች ይቺን ልብ በሉልኝ። ኢንሱሊን ከሰውነት የሚወገደው በከፊል በኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም ያው የቀድሞው መጠን ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል፣ ስኳሩ ይወርዳል። "ሲስተርዬ፣ ስኳሬ ዳነ!" ብለው በደስታ የሚነግሩኝ እናቶች አሉ። ደስታቸውን ማበላሸት አልወድም፣ ግን ስኳሩ አልዳነም፤ ኩላሊቱ ነው የደከመው። መጠኑ በሐኪም ካልተስተካከለ ሌሊት ስኳር ወርዶ ሰው ተኝቶ ሊቀር ይችላል።

ጾምና ጸበል ላይ ነርሶች ብዙ ጊዜ እንኮሳተራለን፣ ሰውም መደበቅ ይጀምራል። እኔ አሁን እንደዚያ አላደርግም። ጸበሉን በስኒ፣ ከቀኑ ውሃ ተቆጥሮ ጠጣ እላለሁ፤ በጀሪካን የጠጡትን ሌሊት በድንገተኛ ተቀብዬ አውቃለሁና። መድኃኒቱንም እጥበቱንም አትተው እላለሁ። ለጾሙ የንስሐ አባትህን አናግር፣ ሲፈቱህ ደግሞ እሺ በል። ረመዳን ላይም ያው ነው፣ ለታመመ ፈቃድ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ተጠምቶ ማታ በአንዴ ውሃና ተምር መሙላት ግን ለልብ አደገኛ ነው።

ማሳከኩ እንቅልፍ ይነሣል። ጥፍር አጭር፣ ሻወር ለብ ያለ እንጂ ሙቅ ያልሆነ፣ ከዚያ ገላው ሳይደርቅ ቫዝሊን። ፎስፌትን (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀም ሌላ ማዕድን ነው) የሚይዘው ኪኒን ከምግብ ጋር ካልተዋጠ ዋጋ የለውም፤ የሚይዘው ምግቡ ውስጥ ያለውን ነውና። ለደም ማነሱ የሚሰጠው የኤሪትሮፖይቲን መርፌ (መቅኔውን ደም እንዲሠራ የሚያዘው ያ ሆርሞን ነው) ውድ ነው፣ ግን ንቅለ ተከላ ለሚጠብቅ ሰው ከደም መውሰድ ይመረጣል፤ የሰው ደም ደጋግሞ የወሰደ አካል የሌላ ሰው ኩላሊት ሲገባለት የመቃወም ዕድሉ ይጨምራል። ንቅለ ተከላ በአገራችን ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በፈረንጆቹ 2015 ተጀምሯል፤ ሲጀመር ለጋሾቹ በሕይወት ያሉ ዘመዶች ነበሩ። እሱም ቢሆን መዳኛ ብቻ አይደለም፣ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ መድኃኒት አለው። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ።

ታዲያ ምን ይዘን እንጠይቅ? ትሉኝ ይሆናል። ፖም ሁለት ፍሬ ጥሩ ነው። የተቀቀለ እንቁላል ያለ ጨው። ካልሆነም የመመለሻ ታክሲ። አራት ሰዓት ማሽን ላይ ተኝቶ የወጣ ሰው ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ መርፌው የወጣበትን ቦታ በጥጥ ይዞ ነው የሚወጣው፣ ሚኒባስ ሰልፍ ላይ ሲቆም ራሱን ያዞረዋል። ሸኙት። ዕቃውን ስትይዙለት ብቻ በፊስቱላው ክንድ አትጎትቱት።